የሴቶች ልጆች የእግር ኳስ ሊግ እንዴት እንደ ተመሠረተና እንደ አደገ

«ሴት ወደ ማጀት፥ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው ተረት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ችሎትን በየቀኑ የምናይ ሰዎች ግን ተረቱ እኩሌታው ብቻ እውነት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ሴቶች ባለጕዳዮች በዳኛ ፊት ቆመው ስለ ርስታቸው፥ ስለ ልጆቻቸው ቀለብና ስለ ጋብቻቸው ሲከራከሩ ይውላሉና። አሁን ደግሞ ከማጀትም ከችሎትም ውጭ የሆነ ሦስተኛ ስፍራ ተገኝቷል፤ ይኸውም የኳስ ሜዳ ነው።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው የሴቶች ልጆች የእግር ኳስ ሊግ በዓለምና በአገራችን እንዴት እንደ ተመሠረተ፥ በምን ምክንያት እንደ ተሰናከለና እንደ ገና እንደ ተነሣ፥ ከዚያም በጋምቤላና በጀዊ ላሉት ልጃገረዶች ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ነው። ነገሩ የወጣቶች ጨዋታ ብቻ ቢመስልም የቤተ ሰብ ጕዳይ ነው፤ ልጅቱ ከቤት ወጥታ ሜዳ እንድትደርስ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው አሠልጣኙ ሳይሆን አባትና እናት ነውና።

ሊግ የሚለው ቃል ከእንግሊዞች የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው በቃል ኪዳን የተሳሰረ ማኅበር ማለት ነው። ቀድሞ በኳስ ጨዋታ አንዱ ቡድን ሌላውን በደብዳቤ እየጠራ ሲፈቅድ ይጋጠማል፥ ሳይፈቅድ ይቀራል፤ ተመልካቹም ሜዳ ድረስ መጥቶ ጨዋታው ቀርቷል ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነበረ። ይህን ችግር ያየው ዊልያም መግሬገር የተባለ በበርሚንግሃም ከተማ ጨርቅ ሻጭ የነበረ ሰው በ1880 ዓ.ም. 12 ክለቦችን አስማምቶ፥ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋራ በታወቀ ቀን ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲጫወት፥ ውጤቱም በነጥብ ተቈጥሮ በመዝገብ እንዲጻፍ አደረገ። የዓለም ሊጎች ሁሉ ከዚህ ተወለዱ። በአገራችንም በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሊግ ሲቆም ቡድኖቹ አምስት ነበሩ፤ እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ናቸው። እንግዲህ ሊግ ማለት ኳስ ብቻ ሳይሆን ቀጠሮ፥ መዝገብና ሕግ ማለት ነው፤ ያለ እነዚህ ሦስቱ ጨዋታ አለ፥ ሊግ ግን የለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴቶቹ የት ነበሩ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የሚያስደንቅ ነው። በስኮትላንድ አገር ሴቶች በአደባባይ ኳስ የተጫወቱት በ1873 ዓ.ም. ሲሆን፥ ተመልካቹ ወደ ሜዳ እየገባ ጨዋታውን ስለ በጠበጠው ብዙ ሳይቈይ ቀረ። በ1887 ዓ.ም. ለንደን ላይ የእንግሊዝ ሴቶች የእግር ኳስ ክለብ የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ፤ የክለቡም ፕሬዚዳንት ሌዲ ፍሎረንስ ዲክሲ የተባለች የመኳንንት ልጅ ነበረች። ነገር ግን ነገሩ ሥር የሰደደው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ስለ ሄዱ ሴቶቹ በጥይትና በመድፍ ፋብሪካ ገብተው ይሠሩ ጀመር፤ በምሳ ዕረፍታቸውም በፋብሪካው ግቢ ኳስ ይጫወቱ ነበረ። ፕሬስተን በሚባለው ከተማ የዲክ ኬር ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን አቁመው በ1910 ዓ.ም. የፈረንጆች ልደት ዕለት ለቈሰሉ ወታደሮች ሆስፒታል ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲጫወቱ 10,000 ሰው መጥቶ አያቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1913 ዓ.ም. በሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ በሚባለው ሜዳ ሲጫወቱ የተመልካቹ ቍጥር 53,000 ደረሰ፤ በር ተዘግቶበት ከውጭ የቀረውም ብዙ ሺህ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንሰማ አንባቢው ሊያዝን ይገባዋል። የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር በኅዳር ወር 1914 ዓ.ም. ባደረገው ስብሰባ ጨዋታው ለሴቶች ተገቢ አይደለም ሲል ወስኖ፥ በማኅበሩ ሥር ያሉ ክለቦች ሁሉ ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። ለበጎ አድራጎት ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ ሁሉ ለበጎ አድራጎት አልዋለም የሚል ክስም ጨመረበት። እኛ የችሎት ሰዎች ነንና ክስ ስንሰማ የተከሳሹን መልስ እንጠይቃለን፤ እዚያ ግን ተከሳሾቹ ሳይጠየቁ ፍርዱ ተፈረደ። ሴቶቹ ወዲያው ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ፥ ወደ 60 የሚጠጉ ክለቦችም ተባበሩ፤ ነገር ግን ሜዳ የሌለው ማኅበር ሥር የሌለው ዛፍ ነውና ብዙ ሳይቈይ ደረቀ። ክልከላው የተነሣው ከ50 ዓመት ግድም በኋላ በ1963 ዓ.ም. ነው። በ50 ዓመት ውስጥ የአንዲት ሴት የጨዋታ ዕድሜ ሦስትና አራት ጊዜ ያልፋል፤ እናትም፥ ልጅም፥ የልጅ ልጅም ሳይጫወቱ ቀሩ ማለት ነው።

ብራዚልም ከ1933 እስከ 1971 ዓ.ም.፥ ምዕራብ ጀርመንም ከ1947 እስከ 1963 ዓ.ም. እንዲሁ ከልክለው ነበረ። በየአገሩ የቀረበው ምክንያት አንድ ዐይነት ነው፤ ኳስ የሴትን ማሕፀን ይጎዳል፥ መውለድ ይከለክላል ይሉ ነበረ። ይህን የተናገሩት ሰዎች በእርሻ ስታጭድና በወፍጮ ስትፈጭ፥ እንስራ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ የምትውለውን ሴት አላዩ ይሆናል። እንስራው ያልጎዳውን ማሕፀን ኳስ ይጎዳዋል ማለት ለአእምሮ የሚቀበለው ነገር አይደለም፤ በኋላ ዘመን የተደረገው የሕክምና ምርምርም ይህን ፍርሃት አላጸናውም።

ከክልከላው በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ጃፓኖች በ1981 ዓ.ም. የሴቶች ሊግ አቆሙና በ2003 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫን አነሡ። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በ1984 ዓ.ም. በቻይና አገር ተደርጎ አሜሪካኖች አሸነፉ፤ እነርሱም በ1991 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የመጨረሻውን ጨዋታ ሲጫወቱ በሜዳው 90,185 ሰው ተቈጠረ። ነገር ግን ይህን ያህል ሕዝብ የሰበሰበች አገር በ1993 ያቆመችው የሴቶች ሊግ ሦስት ዓመት ብቻ ኖሮ በገንዘብ ማጣት ፈረሰ፤ ከእርሱ በኋላ የተቋቋመውም ሁለተኛው ሊግ ሦስት ዓመት ተጫውቶ ፈረሰ፤ የጸናው በ2005 ዓ.ም. የተመሠረተው ሦስተኛው ነው። ይህንን የምናስታውሰው ስለ አገራችን ሊግ መውደቅና መነሣት በምንናገርበት ጊዜ አንባቢው እኛን ብቻ የገጠመ ችግር እንዳይመስለው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የሆነው ነገር ከሌላው ዓለም በተራ የተለየ ነው፤ ብሔራዊው ቡድን ከሊጉ ቀድሞ ስም አገኘና። ሉሲ በሚል ስም የሚጠሩት የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ተጫዋቾች በ1995 ዓ.ም. በናይጄሪያ በተደረገው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና ተሳተፉ። ከዚያም በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው አራተኛ ወጡ። በዚያ ዘመን እነዚያ ልጆች በዓመት ውስጥ ተራ በተራ የሚጫወቱበት ጽኑ ብሔራዊ ሊግ አልነበራቸውም፤ በየክፍለ ከተማው፥ በየትምህርት ቤቱና በየውድድሩ ከተለቀሙ በኋላ ነው ለአገር የቆሙት። አራተኛነቱን በዚህ ዐይን ለሚመለከተው ሰው ከወርቅ የሚያንስ አይደለም።

የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የቆመው ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገዱ ሩቅ፥ ወጪውም ብዙ ስለ ሆነ ክለቦቹ የማዕከላዊ ሰሜንና የደቡብ ምሥራቅ ተብለው በሁለት ዞን ተከፍለው ይጫወቱ ነበረ፤ ከየዞኑ የበለጡትም ተሰብስበው ስለ ዋንጫው ይገጣጠሙ ነበረ። በ2010 ዓ.ም. ግን አንደኛና ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተብሎ በደረጃ ተከፈለ፤ ደካማው የሚወርድበት፥ ብርቱው የሚወጣበት መሰላል ተተከለ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ኃያሉ ክለብ ደደቢት ነበረ፤ በ2008፥ በ2009ና በ2010 ዓ.ም. ተከታትሎ ዋንጫውን ወሰደ።

ይሁን እንጂ ሦስት ዋንጫ ያነሣ ቡድን ገንዘብ ባጣ ጊዜ ከመፍረስ አልዳነም። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ የደደቢት የሴቶች ቡድን ከሊጉ ጠፋ፤ ልጆቹም ወደ ሌሎች ክለቦች ተበተኑ። በተከታዩ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው አዳማ ከተማ ሲሆን፥ ከደደቢት የመጡ ተጫዋቾች በዚያ ነበሩበት። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና በሽታ ስለ ገባ የአገሪቱ ሊጎች ሁሉ ሳይፈጸሙ ተሠረዙ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ሲቀጥል ቡድኖቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መጫወትን ያዙ፤ ይህ የጕዞ ወጪን ቢቀንስም የየከተማው ሕዝብ የገዛ ልጆቹን በገዛ ሜዳው እንዳያይ አድርጓል። ሊግን የሚያሳድገው የሜዳው በር ላይ የሚቆመው የሰፈር ሰው ነው ብለን እናምናለንና፥ በዚህ ረገድ ትርፉ ከኪሣራው ይበልጣል ለማለት ይከብደናል።

ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. አራቱንም ዓመት ያሸነፈው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። የዚህ ክለብ ታሪክ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለው። የወንዶቹ ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ በፈረሰ ጊዜ የሴቶቹ ቡድን አልፈረሰም፤ የባንኩን ስም በሜዳ ላይ ያቈዩት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ እንደ ገና ተቋቁመው ከታች ተነሥተው በ2016 ዓ.ም. የወንዶቹን ዋንጫ ሲያነሡ፥ ሴቶቹም በዚያው ዓመት የራሳቸውን አነሡ። ብዙ ጊዜ ሴቶቹ የወንዶቹ ክለብ ጭማሪ ናቸው ሲባል እንሰማለን፤ እዚህ ላይ ግን ማን ለማን ጭማሪ እንደ ነበረ አንባቢው ይፍረድ።

ንግድ ባንክ በአሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው እየተመራ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦች መካከልም ብርቱ ሆኖ ታየ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ናይሮቢ ላይ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በኡጋንዳ እንዲሁ ለፍጻሜ ደርሶ በታንዛንያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተረታ። በሦስተኛው በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም በተደረገው ፍጻሜ ግን የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ በጭማሪ ሰዓት 1 ለ 0 አሸንፎ፥ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በሞሮኮ ወደ ተደረገው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ሄደ። በዚያ ከምድቡ ባያልፍም፥ ሁለት ጊዜ በደጅ ቀርቶ በሦስተኛው በሩን የከፈተ ቡድን ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

ከዚህ ሊግ ከወጡት ተጫዋቾች መካከል ሎዛ አበራን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ይህች ልጅ የተወለደችው በከምባታ ዱራሜ ነው። በሀዋሳ ከተማ፥ በደደቢትና በአዳማ ከተማ ተጫውታ በ2012 ዓ.ም. ወደ ማልታ ደሴት ሄደች፤ በዚያም በቢርኪርካራ ክለብ በአንድ ዓመት 30 ግብ አግብታ የአገሩን ሊግ ግብ አግቢዎች ሁሉ በለጠች፥ ክለቧም ዋንጫውን ወሰደ። ተመልሳም ለንግድ ባንክ ተጫወተች፤ የኋላ ኋላም በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ላለ የሴቶች ክለብ ፈረመች። ከሜዳው ዳኞችም በኩል የጅማዋ ልጅ ሊዲያ ታፈሰ በ2011 ዓ.ም. በፈረንሳይ ለተደረገው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች። ብሔራዊውን ቡድን በዚያው ዓመት ያሠለጠነችው ሰላም ዘርዓይ ደግሞ ቀድሞ ራሷ ተጫዋች ነበረች፤ ቡድኗም ለቶክዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ከካሜሩን ጋራ ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ፥ ካሜሩን በሰው አገር ባገባችው ግብ ብልጫ ብቻ ወደቀ። እንዲህ ያለ አወዳደቅ የሚያሳፍር አይደለም።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንውረድ፤ መውረድ የምንለውም በእውነት መውረድ ስለ ሆነ ነው፤ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ባሮ ወንዝ የሚጓዝ ሰው ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ግድም ወደ ሆነው ሜዳና ሙቀት ይደርሳልና። ጋምቤላ ለኳስ ባዕድ አገር አይደለም። በቅዱስ ጊዮርጊስና በግብጽ ክለቦች የተጫወተው ኡመድ ኡኩሪ፥ በ2009 ዓ.ም. ወደ ሩስያ ክለብ አንዢ የሄደው ጋቶች ፓኖም የዚህ አገር ልጆች ናቸው። ረጅም ቁመትና ጽኑ እግር በዚህ አገር ለወንዱ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሲመሽ በየመንገዱ ባልዲ ተሸክመው በቀጥታ አንገት የሚሄዱትን ልጃገረዶች ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እንግዲህ ወንድሞቻቸው ካይሮና ሩስያ ከደረሱ እኅቶቻቸው የት ሊደርሱ ይችላሉ? ብሎ መጠየቅ ከመጠን ማለፍ አይደለም።

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ አጠገብ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። በደቡብ ሱዳን በ2006 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ አገራችን ከገቡት ብዙ ሕዝብ መካከል ሌችዎር በሚባል ስፍራ የሰፈሩትን በዚያው ዓመት ክረምት ጎርፍ ስለ አጥለቀለቃቸው፥ በ2007 ዓ.ም. ወደ ጀዊ ተዛወሩ። የሚበዙትም ሴቶችና ልጆች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወደዚህ የመጣች ሕፃን አሁን የኳስ ዕድሜዋ ላይ ደርሳለች። የእነዚህ ልጆች እናት አገርም በዚህ ነገር እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ የደቡብ ሱዳን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በ2012 ዓ.ም. ዳሬ ሰላም ላይ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ፥ በታንዛንያ 9 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ዛንዚባርን 5 ለ 0 አሸንፏል። ዘጠኝ ግብ ከተቈጠረበት በኋላ በዚያው ሳምንት ተነሥቶ አምስት የሚያገባ ቡድን ልብ አለው።

ዳሩ ግን ልጃገረድን ከኳስ የሚያስቀራት የችሎታ ማነስ አይደለም፤ የሰዓት ማነስ ነው። ጠዋት ውሃ ትቀዳለች፥ ማገዶ ትለቅማለች፥ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። በኑዌር ልማድ ላም የሚያልቡት ሴቶችና በግንባራቸው የጕልምስና መሥመር ያልተቀረጸባቸው ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ጕልማሳ ወንድ ላም አያልብም። ስለዚህ በባላገር ያለችው ልጅ ለጨዋታ በተመቸው በማለዳና በማታ ሰዓት እጇ ከላሟ ጋራ የታሰረ ነው። በዚህ አገር ሙቀት ደግሞ በቀትር ልጫወት ማለት በሽታ መጥራት ነው።

ከሰዓቱ የሚብሰው ግን የጋብቻ ነገር ነው። በኑዌር ዘንድ ሙሽራ የምትሰጠው በከብት ሲሆን፥ ለእኅት የገባው ከብት ለወንድሟ ሚስት ማምጫ ይሆናል፤ በአኝዋ ዘንድም ቀድሞ ዲሙይ የሚባለው ዶቃ በዚህ ስፍራ ይገባ ነበረ። ልማዱ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ የሚያስተሳስር ክቡር ልማድ ነውና እኛ ልንነቅፈው አልተነሣንም። ነገር ግን ወንድሙ ለማግባት የቸኰለ ቤት እኅቲቱን ያለ ዕድሜዋ ሊድር ይፈተናል። እዚህ ላይ ሕጉ ግልጥ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648፥ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው፥ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ብትሆን እስከ ሦስት ዓመት፥ ከዚያ በታች ብትሆን እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። በመዝገብ ሥራ የኖርን ሰዎች ግን አንድ ነገር ተምረናል፤ ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። ከሠርጉ በፊት የሚደርስ ነገር ያስፈልጋል። ቅዳሜ ግጥሚያ ያላት፥ ስሟ በቡድን መዝገብ የተጻፈ፥ የቀረች እንደ ሆነ አሥር ጓደኞቿና አሠልጣኟ የት ሄደች ብለው የሚጠይቁላት ልጅ በስውር ለመዳር አትመችም። ሊግ ካለው ጥቅም ሁሉ እኛ የምናስቀድመው ይህን ነው፤ ዋንጫው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የወላጆች ጥያቄም መልስ ይገባዋል። አንደኛው ስለ ልብስ ነው። የጨዋታው ሕግ እጀታ ያለው ሸሚዝ፥ ቍምጣ፥ ካልሲ፥ የቅልጥም መከላከያና ጫማ ያዛል፤ ከቍምጣው በታች እግርን የሚሸፍን ቀለሙ ተመሳሳይ የሆነ ጥብቅ ሱሪ መልበስ አይከለክልም፤ ራስን መሸፈንም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ሕግ ተፈቅዷል። ስለዚህ በልብስ ምክንያት ልጁን የሚያስቀር አባት ካለ ሕጉን አንብበው ያስረዱት። ሁለተኛው ስለ ጕዳት ነው። ይህ ፍርሃት ከፊሉ እውነት ነው፤ የጕልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ተጫዋቾች ላይ በብዛት ይደርሳል፤ ዘልሎ ሲያርፉ ወይም በድንገት ሲዞሩ ጕልበት ወደ ውስጥ ሲጎብጥ ነው የሚበጠሰው። መከላከያው መከልከል ሳይሆን ማሟሟቅ ነው። ከጨዋታ በፊት ለሃያ ደቂቃ ያህል በዝግታ መሮጥ፥ በአንድ እግር መቆም፥ ጕልበትን ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ቍጢጥ ማለትና መዝለል ጕዳቱን በእጅጉ እንደሚቀንስ በብዙ አገር ተፈትኖ ታውቋል። ሦስተኛው ስለ ምግብና ስለ ወር አበባ ነው፤ እናቶች ይህንን ከሴት አሠልጣኝ ጋራ በግልጥ ቢነጋገሩበት ይበጃል፤ ደም የሚያንሳት ልጅ በፍጥነት ትደክማለችና። ባቄላ፥ ምስር፥ ቅጠላ ቅጠልና የባሮ ዓሣ ለዚህ ይረዳሉ። አራተኛው ከሜዳ ወደ ቤት ስለ መመለስ ነው፤ ለዚህ መልሱ አጭር ነው፥ ጨዋታው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቅ፥ ልጆቹም በአንድነት ይመለሱ።

ሊግ ለመመሥረት የሚያስፈልገውንም በቍጥር እንናገር፤ ብዙ ሰዎች ከአቅም በላይ ይመስላቸዋልና። ስድስት ቡድን ቢገኝ፥ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋራ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጫወት በጠቅላላው 30 ጨዋታ ነው። በሳምንት ሦስት ጨዋታ ቢደረግ በ10 ሳምንት ያልቃል፤ ከኅዳር መጨረሻ ቢጀመር ዝናቡ ሳይመጣና መሬቱ ጭቃ ሳይሆን ይፈጸማል። ላሸነፈ ሦስት ነጥብ፥ ለተለያየ አንድ አንድ፥ ለተሸነፈ ባዶ ይጻፋል። መዝገብ የሚይዝ አንድ የታመነ ሰው፥ ፊሽካ የያዙ ሦስት ዳኞች፥ የመጀመሪያ ዕርዳታ የተማረ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ለታናናሾቹ፥ ማለት ከ12 ዓመት በታች ላሉት፥ ቍጥር 4 የሚባለው ትንሹ ኳስ፥ ለታላላቆቹ ቍጥር 5 ይሰጣል። ከጀዊ ወደ ከተማ ለሚጓዝ ቡድን የይለፍ ወረቀት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ይህን የዘነጋ አዘጋጅ ቡድኑን በኬላ ላይ ያስቀረዋል። የግቡ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ሳንቲም፥ ከፍታው 2 ሜትር ከ44 ሳንቲም ነው፤ ሦስት ቀጥ ያለ እንጨት ካገኙ ይቆማል። መረቡን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ውድ ከሆነም በባሮ ዳር ዓሣ አጥማጆች ያረጀ መረብ አያጡም፤ ተጠግኖ ከኋላ ሲወጠር ኳስን ለመያዝ ይበቃል።